ገዳዩን ቢነግሯችሁም የሚታዩት የትኞቹ ናቸው? የሐምሌ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞቼ፣ ከሀዋሳ

ሐምሌን ሙሉ ያየሁት ልብ አንጠልጣይ ብቻ ነው። ኮሜዲ የለ፣ ፍቅር የለ፣ የእንግሊዝ ሊግም ስላልተጀመረ ኳስ የለ፣ ማታ ማታ ሬሳና መርማሪ። የሀዋሳን ክረምት ምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከሰዓት ሐይቁ ላይ ደመናው ይከመርና ሲመሽ ይለቀዋል፣ ፍቅር ሐይቅ ወክ ማድረግ አይታሰብም፣ አሞራ ገደል ወርደን አሳ እንብላ ብትል ጭቃው አያስኬድም፣ ስለዚ በጊዜ ቤት መግባት ነው። ፍላሼን ይዤ ሄጄ ከድሮ እስከ አሁን አሪፍ ናቸው ሚባሉትን አስጫንኩ፣ ይሄው የታዘብኩትን ልንገራችሁ፣ ሁሉንም ግን አላነሳም ምክንያቱም አንዳንዱ ለመሳደብም አይበቃም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

መመዘኛዬ አንድ ነው። ገዳዩ ማን እንደሆነ ቀድመው ቢነግሩህ ፊልሙን ቁጭ ብለህ ትጨርሰዋለህ ወይ? ይሄን ምለው ለመራቀቅ አይደለም፣ እኛ ቤት ሚስጥር ተጠብቆ ፊልም ማየት ሚባል ነገር ስለሌለ ነው። ላፕቶፑን ቲቪው ላይ ስሰካ ቤቱ ይሞላል፣ ታናሽ ወንድሜ ቲክቶክ ላይ መጨረሻውን አይቶ ይመጣል፣ የፊት ለፊት ጎረቤታችን ግማሽ ላይ ትገባና "ማን ነው የሞተው? ማን ገደለው?" ትላለች፣ መብራት ይጠፋና ቀሪው ለነገ ያድራል፣ ነገ ደሞ አንዱ ቀን ላይ ብቻውን ጨርሶት አፉን እየበላው ይጠብቅሃል። እማዬ ከሁሉም ትብሳለች፣ ገና በአስረኛው ደቂቃ ጀበናዋን እየጣደች "ያ ፈገግታ ሚያበዛው ነው" ትላለች፣ ብዙ ጊዜ ደሞ ልክ ናት፣ በጣም ያናድዳል። እንደዚህ ባለ ቤት "ማን ገደለ" ላይ ብቻ የቆመ ፊልም አንድ ሌሊት አያድርም። ሚተርፈው እያወቅከውም ሚያስጨንቅህ ነው።

ይሄን ነገር በልብ አንጠልጣይ ፊልሞቹ የሚታወቀው ዳይሬክተር ሂችኮክ ድሮ ጨርሶታል። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ትሩፎ በ1962 ቁጭ አድርጎ ሲጠይቀው ያስረዳው ነገር አለ፣ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ እንበል፣ ከስር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ድንገት ቢፈነዳ ምታገኘው የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው። ቦምቡ እንዳለና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚፈነዳ ተመልካቹ ካወቀ ግን ያ የማይረባ ወሬያቸው 15 ደቂቃ ሙሉ ያስጨንቀዋል፣ ኧረ ተነሱ ውጡ ሊላቸው ይፈልጋል። በቃ ወሩን ሙሉ ያየሁትን ሁሉ በዚች ቦምብ ነው የለካሁት።

ከራሱ ከሰውዬው ልጀምር። ሳይኮ (1960)፣ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ወንድሜ "ኬብሉን አስተካክለው" አለ መጀመሪያ። ፊልሙ ሲወጣ ሂችኮክ ከጀመረ በኋላ ማንም ሰው ሲኒማ ቤት እንዳይገባ አስከልክሎ ነበር፣ እኛ ቤት ቢመጣ ጎረቤታችንን በር ላይ ያቆማት ነበር ማለት ነው። የሻወሯ ትዕይንት ከአንድ ደቂቃ በታች ናት፣ ለመቅረጽ ግን 7 ቀን ፈጅታለች፣ ደሙ ደሞ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ አይታወቅም። ግን እኔን የያዘኝ ሻወሩ አይደለም፣ ያን ሁሉም ያውቀዋል፣ በየቪዲዮው ተቀልዶበት አልቋል። የያዘኝ ከዛ በፊት ያለው ነው፣ ሴትየዋ ከቢሮዋ 40,000 ዶላር ይዛ ጠፍታ መኪና እየነዳች፣ ያ ጥቁር መነጽር ያደረገ ፖሊስ መስኮቷ ላይ ጎንበስ ሲል፣ ሌባ መሆኗን እያወቅክ "እባክህ ልቀቃት" ትላለህ። መጨረሻ ላይ አንድ ሐኪም ቁጭ ብሎ ሁሉን ነገር እንደ ሌክቸር ሲያብራራ ግን ጠነዛብኝ፣ እዛ ጋ እማዬ ተነስታ ቡናውን ቀዳች።

ሪር ዊንዶው (1954) ደሞ ከዛም ይበልጣል ብያለሁ። እግሩ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ የገባ ፎቶግራፈር፣ በጋ ነው፣ ሙቀት ነው፣ የሰፈሩ መስኮት ሁሉ ክፍት ነው፣ እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ ጎረቤቶቹን ያያል፣ ከዛ የአንዱ ጎረቤት ሚስት ትጠፋለች። በቃ ይሄ ነው ታሪኩ። ያ ሁሉ ግቢ ከነፎቁ ከነመስኮቱ ስቱዲዮ ውስጥ የተሰራ ነው፣ ካሜራውም ከሰውዬው ክፍል አይወጣም ማለት ይቻላል፣ እሱ ያየውን ነው ምታየው። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ይሄ ፊልም ሌላ ነው። እኔ ከበረንዳዬ ሆኜ ማን ቤት ምን ወጥ እንደተሰራ፣ የትኞቹ ባልና ሚስት እንደተኳረፉ፣ ማን ልጁን ጠዋት ጠዋት እንደሚቆጣ አውቃለሁ፣ ሳልፈልግ ነው ማውቀው። ገዳዩ ከመጀመሪያው ይጠረጠራል፣ ጥያቄው እውነት ነው ወይ እና ሰውዬው ቀና ብሎ ወደኛ መስኮት ካየስ የሚለው ነው፣ እና አንዴ ቀና ብሎ ያያል፣ እሷን ሰከንድ አልናገርም። ጎረቤታችን ፊልሙ ሲያልቅ "እናንተም እኔን እንደዚህ ነው እንዴ ምታዩኝ?" አለች፣ ማንም አልመለሰላትም።

አሁን ወደ ወሩ ንጉሥ። ኮሎምቦ! ይሄን ተከታታይ አባቶቻችን እንጂ እኛ አናውቀውም፣ እኔም ስሙን ብቻ ነበር ምሰማው። ለመጀመሪያ ጊዜ በ1968 በቲቪ ፊልም ወጣ፣ መደበኛው ተከታታይ በ1971 ተጀመረ፣ የዛች የመጀመሪያዋ ክፍል ዳይሬክተር ማን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ስቲቨን ስፒልበርግ፣ ያኔ የ24 ዓመት ልጅ። አካሄዱ ሁሌ ማለት ይቻላል አንድ ነው፣ መጀመሪያ ገዳዩ ሲገድል ታያለህ፣ ፊቱን፣ እጁን፣ ዘዴውን፣ ሁሉን። ከዛ መርማሪው ኮሎምቦ ይመጣል፣ የተጨማደደ ካፖርት፣ የተበጠበጠ ፀጉር፣ አሮጌ ፔጆ 403። ካፖርቱ የተዋናዩ የፒተር ፎልክ የራሱ ነው፣ ከቤቱ ያመጣው፣ አንድ አይኑም ሰው ሰራሽ ነው፣ ገና በ3 ዓመቱ ነው ያጣው፣ ለዛ ነው ሲያይህ እንደዛ ትንሽ ጠመም ሚለው። ገዳዮቹ ሁሌ ሀብታም፣ የተማሩ፣ ቤታቸው ቤተ መንግስት ሚመስል ናቸው፣ እሱ ደሞ ስለ ሚስቱ እያወራ፣ እስክሪቢቶ እየለመነ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ያደክማቸዋል፣ ሊወጣ በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ይመለስና አንድ ነገር ረሳሁ ይላል። እቺን ስትሰሙ ገዳዩ ሳይሆን እናንተ ናችሁ ምትደነግጡት። እማዬ ገዳዩን መገመት ስለማያስፈልጋት መጀመሪያ ደብሯት ነበር፣ በሶስተኛው ቀን ግን "ያ ምስኪን የሚመስለው ዛሬ የለም እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ወንድሜ ቢነግረን ምን ሊነግረን? ሁሉም ገና ሲጀመር ተነግሯል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ይዞ ቁጭ አለ። መብራትም ቢጠፋ ነገ ከቆመበት ትቀጥላለህ፣ ምንም አይበላሽም። ችግሩ ቀስ ይላል፣ ድሮ የተሰራ ስለሆነ ሰው ከመኪና ወርዶ በር እስኪያንኳኳ ድረስ ያሳይሃል፣ አሁን ባለው ፍጥነት የለመደ ሰው ስልኩን ያወጣል። ለኔ ግን ከ10 9 ነው።

ደሞ እኮ ይሄ ስታይል ለኛ አዲስ አይደለም። ሰው ለሰውን አስታውሱ፣ አስናቀ (አበበ ባልቻ ነፍስ ዘርቶበት) ምን አይነት ሰው እንደሆነ እኛ እናውቃለን፣ እዛ ድራማው ውስጥ ያሉት ናቸው ማያውቁት፣ አገር ሙሉ ቲቪ ስር ተሰብስቦ "መች ይሆን ሚነቁበት" ሲል ነበር ሚያመሸው። ያው ቦምቧ ናት። የቃና ጥቁር ፍቅርም ቢሆን ሰው ስለ ኤሊፍና ኦማር ፍቅር ብቻ አድርጎ ያወራዋል እንጂ ሲጀመር እኮ ግድያ ነው፣ የፖሊሱ የኦማር እጮኛ ከኤሊፍ አባት ጋር መኪና ውስጥ ሞታ ተገኝታ ነው ሁለቱ የተገናኙት። ግን በመሃል እንደ ቱርክ ወግ እየረዘመ እየረዘመ ሄደና ማን ገደለ የሚለውን እኛም ረሳነው፣ አሁን ድጋሚ ልየው ብዬ ሞክሬ ከጥቂት ክፍል በኋላ ተውኩት።

ድሪሽያም። ይሄን ያላየ ሰው ካለ ዛሬውኑ ያስጭን። ኦሪጅናሉ በ2013 በህንዱ ማላያላም ቋንቋ ሞሃንላል የሰራው ነው፣ እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት የ2015ቱን የሂንዲውን ነው፣ አጄይ ዴቭገን ያለበትን፣ እዚህ ሰፈር ሚዞረውም እሱ ነው። ሰውዬው ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፣ ስራው ኬብል ቲቪ ማስገባት ነው፣ ቀንና ሌሊት ቢሮው ቁጭ ብሎ ፊልም ሲያይ ነው ሚውለው፣ ሚስቱ ትነጫነጫለች። አንድ ቀን ቤተሰቡ ላይ አደጋ ይመጣል፣ ሰው ይሞታል፣ ማን እንደሞተ እንዴት እንደሞተ በአይናችሁ ታያላችሁ፣ ሟቹ ደሞ የትልቅ ፖሊስ ባለስልጣን ልጅ ነው። ከዛ ያ አራተኛ ክፍል ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ለማዳን ያለው መሳሪያ ያያቸው ፊልሞች ብቻ ናቸው። እኔ ይሄን ሳይ ለእማዬ "አየሽ ፊልም ማየት ጥቅም አለው" አልኳት፣ "አንተ ሰው ገድለህ ልትደብቅ ነው እንዴ" አለችኝ።

ምን እንደሚያደርግ ዝርዝሩን አልነግራችሁም ግን ሀሳቡን ልንገራችሁ፣ ሰውዬው ውሸት እንዲሸመድዱ አያደርጋቸውም፣ እውነተኛ የሆነ ጉዞ ሄደው፣ እውነተኛ ምግብ በልተው፣ እውነተኛ ትኬት ቆርጠው፣ እውነተኛ ሰዎች ጋር ተገናኝተው፣ ቀኑን ብቻ ነው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ሚያንቀሳቅሰው። ሚገርመው ምስክሮቹ ሁሉ አይዋሹም፣ እውነት እያወሩ ነው ሚመስላቸው። ፖሊሷ ደሞ (ታቡ ናት፣ የሟች እናት) ሞኝ አይደለችም፣ ነቅታበታለች፣ ማወቅና ማስረዳት ግን ሌላ ነው። ትንሿ ልጅ ስትመረመር ጎረቤታችን ጨርቋን አፏ ውስጥ ከታ ነበር። ድክመቱ የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ነው፣ ቤተሰብ፣ ቀልድ፣ ብድር፣ ሰፈር፣ ምንም አይፈጠርም፣ ብዙ ሰው እዛ ጋ ያቋርጠዋል፣ እንዳታቋርጡት፣ ያ ሁሉ ተራ ነገር በኋላ ሂሳብ ይወራረድበታል። ታሚሎች በካማል ሀሳን፣ ቻይኖች ደሞ በ2019 መልሰው ሰርተውታል፣ በህንዶቹ ቴሉጉና ካንናዳ ቋንቋዎችም አለ፣ ስሪላንካ ሳይቀር። እኛም አገር አንድ ሰው ቢሰራው ኬብል ቲቪውን በፊልም ጫኚ መቀየር ብቻ ነው ሚጠበቅበት።

በነገራችን ላይ በትርጉም ሚመጡትን ተጠንቀቁ። ኮሜዲ በትርጉም ነፍስ ነው፣ አልክድም፣ ተርጓሚው ከፊልሙ በላይ ያስቃል። ልብ አንጠልጣይ ላይ ግን ሰውዬው ዝም ማለት አይችልም፣ ገና ተዋናዩ በር ሲከፍት "አሁን ጉዱ ሊፈላ ነው" ይላል፣ ሙዚቃው ሲቀንስ "ከኋላው ያለው ገዳዩ መሆኑን አላወቀም" ይላል፣ እኛም እኮ አላወቅንም ነበር ወንድሜ! ሰብታይትል አንብቡ ይሻላል፣ ለማያነብ ሰው ቤት ውስጥ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ያስረዳ፣ እኔ እንደዛ ነበር ማደርገው።

ቀጥሎ ወሩን ሙሉ ከጭንቅላቴ ያልወጣው። ሜሞሪስ ኦፍ መርደር (2003)፣ የኮሪያ ነው፣ በኋላ በፓራሳይት ኦስካር የጠራረገው ቦንግ ጁን ሆ የሰራው። ከ1986 እስከ 1991 ህዋሶንግ በሚባል የገጠር አካባቢ ሴቶች በተከታታይ የተገደሉበት እውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሰረተ ነው። ዝናብ ያለበት ፊልም በዝናብ ማየት ሌላ ነው፣ ፊልሙ ውስጥ ገዳዩ በዝናባማ ሌሊት ነው ሚወጣው፣ እኛም ቤት ቆርቆሮው ከሰፈሩ እየተቀበለ ይንጫጫል፣ እማዬ ሁለቴ ተነስታ በሩን መዘጋቱን አየች። የገጠሩ መርማሪ ሰውን በአይኑ አይቶ ጥፋተኛ መሆኑን አውቃለሁ ባይ ነው፣ ከሴኡል የመጣው ደሞ ወረቀት ብቻ ነው ሚያምነው፣ ፖሊሶቹ አንዱን ደካማ አእምሮ ያለበትን ልጅ ይይዛሉ፣ ሌላውን ይደበድባሉ፣ የጫማ ዱካ ራሳቸው ያስቀምጣሉ፣ ማስረጃው ላይ ትራክተር ይሄድበታል፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ነገሩ ሁሉ። ትስቃለህ፣ ከዛ በምን እንደሳቅክ ታስብና ያሳፍርሃል።

ገዳዩ አይታወቅም። ይሄን ስነግራችሁ ስፖይል እያደረግኩ አይደለም፣ ፊልሙ ሲሰራ ጉዳዩ ራሱ አልተፈታም ነበር፣ ወንድሜ መጨረሻውን ፈልጎ ቢመጣም ሚነግረን ነገር አልነበረውም። የመጨረሻዋ ምስል ላይ መርማሪው (ሶንግ ካንግ ሆ) ቀጥታ ካሜራውን ያያል፣ አንተን ያያል፣ ዳይሬክተሩ ገዳዩ አንድ ቀን ሲኒማ ቤት ገብቶ ሊያየው ይችላል ብሎ አስቦ ነው እንደዛ ያደረገው። አሁን ስሙ፣ ፊልሙ ከወጣ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ በዲኤንኤ ሰውዬው ታወቀ። የት ተገኘ? እስር ቤት! የሚስቱን እህት ገድሎ ከ1994 ጀምሮ እድሜ ልክ ታስሮ እዛው ነበር። ለህዋሶንጎቹ ግን ሊከሰስ አልቻለም፣ የይርጋው ጊዜ 15 ዓመት ስለነበር በ2006 አልፏል። ከግድያዎቹ በአንዱ ደሞ ሌላ ሰው ተፈርዶበት 20 ዓመት ገደማ ታስሯል፣ በ2020 መጨረሻ ነው ነጻ ነህ የተባለው። ገዳዩ ፊልሙን እስር ቤት ሆኖ አይቶት እንደሆነ ሲጠየቅ "አይቼዋለሁ፣ ምንም አልተሰማኝም" ነው ያለው። እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ያቺን የመጨረሻ ምስል መልሼ ከፍቼ አየሁ፣ መጀመሪያ ካየሁት ጊዜ በላይ ነው የከበደኝ። እንግዲህ ገዳዩን አውቀኸው ጭራሽ ሚብስ ፊልም ይሄ ብቻ ነው። 10 ከ10፣ ግን ልጆች ባሉበት አይታይም።

ከሱ በኋላ ፈታ ለማለት ናይቭስ አውት (2019) አየን። አንድ ሀብታም የልብ አንጠልጣይ ደራሲ በልደቱ ማግስት ሞቶ ይገኛል፣ ልጆቹ ለውርስ ይናከሳሉ፣ የሽማግሌው ነርስ ደሞ ውሸት ስትናገር ያስመልሳታል፣ እውነት፣ ትውከት። ብልጠቱ ምን መሰላችሁ፣ ገና ግማሽ ሳይደርስ የሆነውን ነገር ያሳያችኋል፣ አሃ በቃ አለቀ ትላላችሁ፣ ከዛ በኋላ ለነርሷ እንዳትያዝ መጨነቅ ትጀምራላችሁ፣ እየተጨነቃችሁ እያለ ከስር ሌላ ነገር እየሰራ ነው። ሁለቱንም ነው ሚሰጣችሁ። የውርስ ጉዳይ ስለሆነ ሁሉም ሰው አስተያየት አለው፣ እኛ ቤት ፊልሙ ካለቀ በኋላ ስለ ዘመድ መሬት አንድ ሰዓት ተወርቷል። ቤተሰብ ጋር ሚያሳፍር ትዕይንት የለውም፣ ማውሱን ይዞ መጠባበቅ አያስፈልግም። ኔትፍሊክስ ቀጣዮቹን ሁለት ፊልሞች ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው የገዛው ተብሏል፣ ሁለተኛውን ግላስ ኦኒየንን (2022) አይቼዋለሁ፣ ያብረቀርቃል እንጂ ያንን ያህል አይጨንቅም።

መርደር ኦን ዘ ኦሪየንት ኤክስፕረስ ላይ ነው ወንድሜ በደንብ የሰራልን። ባቡሩ በረዶ ውስጥ ሳይቆም ነው መልሱን የተናገረው። የ1974ቱን በዛ ሁኔታ ጨረስነው፣ ያ ሁሉ ትልቅ ተዋናይ አንድ በአንድ እየገባ ሲጠየቅ ማየት ለብቻው ደስ ይላል፣ ኢንግሪድ በርግማን በዛች አጭር ሚና ኦስካር ወስዳበታለች። የ2017ቱን ግን ከተነገረህ በኋላ ምን ልታይ ነው፣ የመርማሪውን ጺም? ጺሙ ትልቅ ነው። አለቀ።

ከተከታታዮች ብሮድቸርች (2013) የመጀመሪያው ሲዝን፣ 8 ክፍል ብቻ። የባህር ዳርቻ ያላት ትንሽ ከተማ፣ አንድ ልጅ አሸዋው ላይ ሞቶ ይገኛል፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል፣ ገዳዩም ከዛው ነው። ይሄ ሙሉ በሙሉ "ማን ገደለ" ላይ የቆመ ነው፣ ተዋናዮቹ ራሳቸው ገዳዩን ሳያውቁ ነበር አብዛኛውን የቀረጹት፣ ስለዚ በኔ መመዘኛ መውደቅ ነበረበት። አልወደቀም። ምክንያቱም ግማሹ ጊዜ ሚሄደው መርማሪዎቹ ላይ ሳይሆን ለቅሶ ቤቱ ላይ ነው፣ እናትየዋ ሱፐርማርኬት ገብታ ሰዎች ሲሸሿት፣ አባትየው ምን እንደሚያደርግ ሲጠፋው፣ ጋዜጠኛው በር ሲያንኳኳ። የነሱ ለቅሶ ጭር ያለ ነው፣ እማዬ "ጎረቤት የላቸውም እንዴ? ድንኳን እንኳን አይተከልም? ማን ንፍሮ ያመጣል?" እያለች ከሟቹ በላይ በዛ አዘነች። ኦሊቪያ ኮልማን መልሱን ስትሰማ የሆነችው አሁንም አይኔ ላይ አለ። አሜሪካኖች ግሬስፖይንት ብለው በ2014 ደግመው ሰሩት፣ ያንኑ ዴቪድ ቴናንትን ይዘው፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ዝለሉት።

ቶሎ ቶሎ ልጨርስ። ዞዲያክ (2007) ለኔ አሪፍ ነው፣ ቤቱ ሙሉ ግን ተኝቶብኛል፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ፋይል ማገላበጥ ነው፣ ገዳዩም አይያዝም፣ ብቻህን በሆንክበት ቀን እየው። ሴቨን (1995) ሳጥኑ ውስጥ ያለውን እያወቅኩ ነው ያየሁት፣ ባውቅም መኪናው ከሩቅ አቧራ እያስነሳ ሲመጣ እጄ አላበው፣ ቦምቧን አለፈ። ትሩ ዲቴክቲቭ አንደኛው ሲዝን (2014) በጆሮ ማዳመጫ፣ በር ዘግተህ፣ ብቻህን። አራተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ 6 ደቂቃ ሳይቆረጥ ሚሄድ ትዕይንት አለ፣ ለሱ ሲባል ይታያል፣ ግን ከእናት ጋር እንዳትሞክሩት፣ የማውስ ጠቅታ አይደርስም።

ስለ ጫኝ ቤቱም ልበል፣ ሪቪው ነው ካልኩ። ስሙን አልጠራም፣ ወደ መናኸሪያ ሲኬድ ካሉት ጠባብ ሱቆች አንዱ ነው። ልጁ ሰው ይወዳል፣ ምርጫ ያውቃል፣ "ልብ አንጠልጣይ ግን ጭንቅላት ሚያሰራ" ስትለው ገብቶት ፎልደር ይከፍትልሃል፣ ሂሳቡ በጂቢ ሳይሆን በፍሬ ነው፣ ብዙ ከጫንክ ይመርቅልሃል። ወረፋው ግን ቅዳሜ ከሰዓት አይቻልም፣ የተማሪው ሁሉ ሀርድ ዲስክ ተደርድሮ ይጠብቃል። ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው ፍላሽህን ቫይረስ ይሞላዋል፣ ፎልደሮችህ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ታገኛቸዋለህ፣ ስለዚ ሌላ ፋይል የሌለበት ፍላሽ ይዘህ ሂድ። ሁለተኛው ደሞ አንዳንዱ ፊልም መጨረሻው የለም፣ ልብ አንጠልጣይ ነው እያልክ ሊጠናቀቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው ጥቁር ይሆናል። መልሰህ ብትወስድለት ያለ ሂሳብ ይቀይርልሃል፣ ግን በዝናብ ለአንድ ፊልም ባጃጅ ከፍለህ ማን ይመላለሳል፣ እዛው ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ወደ መጨረሻው እየጎተታችሁ አይታችሁ ውጡ። ድምጹን አጥፉት ብቻ፣ አይናችሁንም ጨፈን አድርጉ፣ መንቀሳቀሱን ካያችሁ ይበቃል። ኮሎምቦ እሱ ጋ ያለው ጥቂት ክፍል ነው፣ የ70ዎቹን በሙሉ ፈልግልኝ ብዬው "ለነሐሴ" ብሎኛል።